የሃርምከ ሦስት ኬላዎች

ሃርምከ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ወዳጅ ያዘች ተባለ። ያውም ሦስት፣ ሦስቱንም በአንድ ሳምንት። ወሬው የተነሳው ከሩልፊን ቤት ነው። የሩልፊን ወጥ ቤት መስኮት ከሃርምከ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሩልፊን ድንች የምትልጠውም ሳህን የምታጥበውም እዚያው መስኮት ሥር ስለሆነ፣ በኦፕዌርደ መንደር እሷ ሳታየው የሚከፈት በር የለም። ሰኞ ዕለት ኤፖ ገባ። ረቡዕ መምህር ሲርት ገቡ። ዓርብ ዉቦ ገባ፤ የከብት ማለቢያ ቱታውን አውልቆ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ።

ይህ ብቻ ቢሆን ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር። ነገሩን ያከፋው፣ ሦስቱም ከገቡ በኋላ በሳሎኑ መስኮት አለመታየታቸው ነው። እኛ ዘንድ የሳሎን መጋረጃ አይዘጋም፤ የሚሸሸግ ነገር የሌለው ሰው ምን ቆርጦት ይዘጋል? እንግዳ ሲመጣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ በብስክሌት የሚያልፈው ሁሉ ማን እንደመጣ አይቶ፣ እጁን አንስቶ ሰላም ብሎ ይሄዳል። የሃርምከ እንግዶች ግን ገቡና ጠፉ። ጥቂት ቆይቶ ፎቅ ላይ የመኝታ ቤቷ መብራት ቦግ አለ።

«ሦስቱንም ጊዜ» አለች ሩልፊን ለዳቦ ጋጋሪው ሚስት። «ሦስቱንም ጊዜ የመኝታ ቤቱ መብራት። እኔ ምንም አልልም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

እሁድ ሲደርስ ወሬው በሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ተዳርሶ ነበር። በአንደኛው ሃርምከ ልታገባ ነው ተባለ፤ በሌላኛው ደግሞ፣ የትኛውን እንደምታገባ ስላልወሰነች ሦስቱን እየፈተነች ነው ተባለ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ሦስቱም ወንዶች መኝታ ቤቷ ገብተዋል፤ ይህ አይካድም። የገቡት ግን ኮምፒውተሯ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ኮምፒውተሩ እዚያ የተቀመጠው የስልኩ መስመር እዚያ ስለገባ ነው። የስልኩ መስመር እዚያ የገባው ደግሞ፣ ነፍሱን ይማርና ባሏ ኮርኔሊስ የቦዩ የውሃ በር ጠባቂ ስለነበረ፣ ባሕሩ በሌሊት ሲነሳ ካልጋው ሳይወርድ ስልክ እንዲያነሳ ነው። እንግዲህ ሐሜቱን እስከ ሥሩ ከቆፈራችሁት ጥፋተኛው ባሕሩ ነው። ስለ ፈተናው ግን ያ ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ብዙም አልተሳሳተም። የተፈተኑት ሰዎቹ ሳይሆኑ ይዘዋቸው የመጡት ፕሮግራሞች ናቸው እንጂ።

ነገሩ የጀመረው ብርዱ ሊሰበር ሲል ነው። ኢንተርኔት ገና በስልክ ሽቦ እየተንጫጫ የሚገባበት ዘመን ነበር። አንድ ጠዋት ኮምፒውተር ያለው የመንደሩ ሰው ሁሉ ከሃርምከ ኢሜይል ደረሰው። ርእሱ «ፎቶዬን ተመልከትልኝ፣ ለሌላ ሰው እንዳታሳይ» ይላል። ሃርምከ የጻፈችው አንዲት ፊደል የለም፤ ማሽኗ ውስጥ የገባ ቫይረስ ነው በስሟ የላከው። ሰው ይህን ያወቀው ግን ከከፈተው በኋላ ነው፤ ያልከፈተም አልነበረም። አንደኛው ቄስ ለነፍሷ ሰግቼ ነው የከፈትኩት አሉ። የመንደሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ፍሬርክ ሁለት ጊዜ ከፈተው፤ በመጀመሪያው ፎቶው ስላልመጣለት።

እዚህ ላይ ስለ ጋዜጣው ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። «የግድቡ መልእክተኛ» ይባላል፤ በወር አንድ ጊዜ በየቤቱ የፖስታ ሳጥን ይገባል። ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ የማን ድመት ጠፋ፣ የትኛው ቦይ ዳር ሣሩ ሳይታጨድ ቀረ፣ ይኸው ነው። ሃርምከ በወጣትነቷ በካርቶን ፋብሪካው ቢሮ ታይፕ ትመታ ነበር፤ ካገባች በኋላ ጣቶቿን ለጋዜጣው ሰጠች። መጀመሪያ በታይፕ ሠራችው፤ እጅ በሚያጠቁር ማባዣ አባዛችው፤ በኋላም ቤተ መጻሕፍቱ ለአረጋውያን በሰጠው ትምህርት ኮምፒውተር ተማረችና በእሱ ሠራችው። ኮርኔሊስ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ጋዜጣው ሌላም ሥራ ነበረው። ልጅ የተወለደለት አባት ሊነግራት በሯን ያንኳኳል። ድመት የጠፋባት ሴት ታንኳኳለች። የቦዩ ሣር ያበሳጨው ገበሬ እየተነጫነጨ ያንኳኳል፤ ከተናገረም በኋላ ሾርባ ጠጥቶ ይሄዳል። በእኛ መንደር ሰው እንዲያው ሳይቀጣጠር በር አያንኳኳም፣ ምክንያት ይፈልጋል። ለሃርምከ በር ምክንያቱ ጋዜጣው ነበር።

ስለዚህ ፍሬርክ ኮሚቴውን ሰብስቦ፣ ከዚያ ማሽን ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢወጣ፣ ወይም የፋሲካው እትም በሰዓቱ ማተሚያ ቤት ባይደርስ ጋዜጣው ከኢንግዌርም ጋዜጣ ጋር ይቀላቀላል ብሎ ሲያስወስን፣ ሃርምከ ስለ ወረቀትና ቀለም አልነበረም ያሰበችው። በሯ ጸጥ ሲል ነው የታያት። ኢንግዌርም ጎረቤት መንደር ነው። ጋዜጣቸው ባለቀለም ነው፣ አዘጋጁ ጎበዝ ነው፤ ስለ እኛ መንደር የሚያውቀው ነገር ቢኖር በመኪና ሲያልፍ ፍጥነቱን መቀነስ እንዳለበት ብቻ ነው።

ከከተማ የመጣው ጠጋኝ ቫይረሱን አጽድቶላት ሲያበቃ፣ ፋየርዎል ያስፈልግሻል አላት። ምንድን ነው ደግሞ እሱ ስትለው፣ መንገድ ላይ እንደሚቆም ኬላ አድርገሽ አስቢው አላት፤ ወደ ማሽንሽ የሚገባውንና ከማሽንሽ የሚወጣውን የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። ለመግዛት አትድከሚ፣ በነጻ የሚገኙ ጥሩ ጥሩዎች ሞልተዋል፣ አንዱን ምረጪ ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

በነጻ የሚለው አላስቸገራትም፤ የኛ አገር ሰው በነጻ የሚገኝ ነገር ከሰማ ዝናብም አያቆመው። ያስቸገራት «አንዱን ምረጪ» የሚለው ነው። ሃርምከ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። አባቷ ከአንደኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ባሏ ከሌላኛው ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው ዳቦ የሚገዛው ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ጋጋሪ ነው። ሃርምከ ከሁለቱም ገዛች። ትርፉ ዳቦ ስለማያልቅ፣ ኮርኔሊስ ትኩስ ዳቦ ሳይቀምስ ነው የሞተው። ምርጫ ሲደርስ መስኮቷ ላይ የሁለት ፓርቲ ወረቀት ይለጠፋል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። አንድ ጊዜ ሹራብ ልትገዛ ሄዳ ሁለት ይዛ ተመለሰች፤ ሻጯ ሁለቱንም አውጥታ ስላሳየቻት አንዱን ብትመልስ የምታዝንባት መስሏት ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ አጥር ተጣልተው ቢጽፉላት፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን፣ በእኩል ፊደል፣ በእኩል ርዝመት ታወጣለች። አጭር የጻፈው ካለም ራሷ ትቀጥልለታለች።

ልደቷ መጋቢት ላይ ዋለ። እንደ ልማዱ ወንበሮቹ ሳሎኑን ዞረው ክብ ሠሩ፤ የገባው ሁሉ ባለልደቷን፣ እህቷን፣ ጎረቤቷን፣ በክቡ ያገኘውን ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ እያለ ዞሮ ተቀመጠ። በዚያ ክብ ውስጥ አንዴ የተቀመጠ ሰው ኮቱን እስኪለብስ ድረስ ቦታ አይቀይርም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ከተነሳ ከወንበር ወንበር ሳይዞር አይቀርም። ሃርምከ በሰናፍጭ የሚበላ አይብ እያዞረች፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ በነጻ ከሚገኙት ኬላዎች የትኛው ይሻላል ብላ ጣል አደረገች።

ምነው ባላደረገችው።

ቀድሞ የተነሳው ኤፖ ነው። የስልክ መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ነው፤ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ የአባቱ ርስት ይመስለዋል።

«ይሄን ለኔ ተዪው ሃርምከ» አለ። «እኔ የማመጣልሽ ሌባ በመጣ ቁጥር ይጮሃል። ስንት እንደያዘም ይቆጥርልሻል።»

«እሷ እንቅልፍ እንጂ ቆጠራ መቼ ፈለገች?» አለ ዉቦ፣ ላም አርቢው። የሱ ደግሞ ከከብት መኖ መጽሔት ሽፋን ጋር ተለጥፎ በመጣ ዲስክ ላይ ያለ ነው። ከሌላው በምን ይሻላል ሲባል፣ ዲስኩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው እሱ ነው አለ።

የመንደሩን እኩሌታ ፊደል ያስቆጠሩት መምህር ሲርት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጥሩ ኬላ ድምፅ የለውም አሉ። መኖሩ ሳይታወቅ ሥራውን የሚሠራ ነው፤ እሳቸውም እንዲህ ያለ ያውቃሉ።

«እንደርስዎ ያለ ማለት ነዋ» አለ ኤፖ።

«እንዳንተ ካልሆነ ይበቃኛል» አሉ መምህር።

ክቡ ለሦስት ተከፈለ። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀውም ሳይቀር ወገን ያዘ። ሦስቱም ሲወጡ፣ ኮታቸውን በር ላይ ሲደርቡ፣ በየግላቸው ጠጋ ብለው እኔ መጥቼ እጭንልሻለሁ አሏት። ሃርምከም ለኤፖ ሰኞን፣ ለመምህር ረቡዕን፣ ለዉቦ ዓርብን ሰጠች። አንዳቸውም ስለ ሌላው አልሰሙም። አንዱ የጫነውን ሌላው እንዳያየው፣ የፕሮግራሙን ምልክት ከስክሪኑ ላይ አንስታ የአበባ ፎቶ የምታስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ ትደብቀዋለች። የኤፖው ፕሮግራም መምህር ባሉበት አንዴ ቢጮህባት፣ የሩልፊን ብስክሌት ደወል ነው አለች። መምህርም ጨዋ ስለሆኑ አመኗት።

እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ኬላ ተተክሎ፣ ሦስቱም ፈታሾች የማይተዋወቁ ሲሆኑ ምን እንደሚፈጠር ገምቱ። የኤፖው የመምህሩን አስቁሞ ማነህ አለው። የመምህሩ ትንፍሽ ሳይል የዉቦውን መንገድ ዘጋበት። የዉቦው ደግሞ ጠያቂ ነው፤ በየደቂቃው ሃርምከ ፊት ብቅ ይላል፦ ይህ ሊወጣ ይፈልጋል፣ ይለፍ ወይስ አይለፍ? ሊወጣ ነው የሚባለው ራሱ የኤፖው ነው። ይለፍ ትላለች፣ የማንን ፊት ትመልስ? ያለፈው የኤፖው ዞሮ የዉቦውን በሌብነት ይይዘውና ይጮሃል። የማውዟ ቀስት ጭቃ ውስጥ እንደገባ ጫማ ትጎተታለች። አንድ ቃል ጽፋ፣ ወርዳ ድስቱን አማስላ ስትመለስ፣ ቃሉ ገና ግማሽ ነው። በመጨረሻም ምንም አይገባም ምንም አይወጣም ሆነ። ከሌባ አንጻር ካየነው፣ በአውራጃው ውስጥ እንደሱ የተጠበቀ ኮምፒውተር አልነበረም።

የፋሲካው እትም ግን አልቋል። ሽፋኑ ላይ ሣር የለበሰውን የባሕር ግድብ የሞሉት በጎች ከነግልገሎቻቸው አሉ። ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው በኢሜይል ነው፤ ሐሙስ ከቀትር በኋላ የመጣ ለፋሲካ አይደርስም። ፍሬርክም ደውሎ፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ባዶ ዲስክ ይዤ ብቅ እላለሁ አላት፤ እስከዚያ ካልተላከ ገልብጬ ለኢንግዌርሙ አዘጋጅ እወስድለታለሁ፣ እሱ ይጨርሰዋል፣ ምንም አትጨነቂ። አትጨነቂ ያላት ከልቡ ነው። ፍሬርክ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሊቀመንበር ነው።

ለአንዱ መደወል ሁለቱን መካድ መሰላትና ለማንም ሳትደውል ማክሰኞን አሳለፈች። ረቡዕ የኤፖውን ልታስወጣ እጇን ዘርግታ፣ ኤፖ በልደቷ ቀን ኬክ ሲጎርስ የነበረው ፊቱ መጣባት። ተወችው። የመምህሩን ልታስወጣ አለች፤ እሳቸው ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደተቀመጡ ታዩዋት። ተወችው።

ሐሙስ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ወጣት ገበሬ ነው፤ ሚስቱ በሌሊት ወልዳለች። እንቅልፍ ያጣ ፊቱ እያበራ፣ ሴት ናት፣ ስሟን በትክክል ጻፊልኝ፣ የአያቴ ስም ነው አላት። ከዚያም ምንም ሳያስብ፣ የሚቀጥለው እትም ላይ ትወጣለች አይደል አላት። ሃርምከ እንኳን ደስ አለህ ብቻ አለችው። ሰውየው ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ እስኪርቅ በሩን ይዛ ቆየች። ከዚያ ሮጣ ፎቅ ወጣችና ስልኩን አነሳች። ለሦስቱም ያለችው አንድ ነው፦ አሁኑኑ ና፤ አሁኑኑ ይምጡ።

ሦስቱ በሩ ላይ ተገናኙ። ኤፖ የሽቦ መቁረጫውን ይዟል፣ መምህር መነጽራቸውን፣ ዉቦ ምንም። አንዱ አንዱን አየው። ማንም ለምን እንደመጣ አልጠየቀም፤ ሦስቱም ግን እግራቸውን በምንጣፉ ላይ ከሚገባው በላይ ጠረጉ። ሩልፊን ቢላዋዋን ጥላ ለእህቷ ደወለች፤ «ሁሉም ባንዴ» ብቻ ብላ ዘጋች ይባላል።

መኝታ ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ እሱም የሃርምከ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ሽማግሎች አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተደረደሩ፤ ፍራሹ በመሐል ስለሚጎደጉድ ኤፖና ዉቦ ሳይወዱ መምህሩን ተጫኗቸው። ሃርምከ ፊቷን ወደነሱ አዞረች። ጠረጴዛውን በአንድ እጇ ይዛለች።

«ሦስታችሁም እዚህ ውስጥ ናችሁ» አለች።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ኤፖ ቀና አለ፣ ሊናገርም አፉን ከፈተ። ሃርምከ ግን ቀደመችው፤ አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገረው ታውቃለች።

«ኤፖ፣ ያንተው በቀን መቶ ጊዜ ሌባ ያዝኩ ይለኛል፤ ሌባውን አይቼው አላውቅም፣ ጩኸቱን ነው የማየው። መምህር፣ የእርስዎው ጨዋ ነው። የሚገባውን ይፈትሻል፤ የሚወጣውን ግን ቀና ብሎ አያይም። መንደሩን ያሳቀብኝ ደግሞ የገባው አይደለም፣ የወጣው ነው። የዉቦው ነዝናዛ ነው። ነዝናዛ ቢሆንም ማንም ከዚህ ቤት እኔን ሳይጠይቅ አይወጣም፤ አንዴ ከመለስኩለትም መልሴን ይይዛል። የዉቦን አስቀራለሁ። የሁለታችሁን አወጣለሁ።»

ሃርምከ እስኪቀየሟት ጠበቀች። መቀየም እንዴት እንደሚጀምር ስለማታውቅ፣ ተነስተው የሚሄዱ መስሏት በሩን በዓይኗ አየችው።

ኤፖ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፣ ጎማ እንደሚተነፍስ። «እፎይ» አለ። «እኔ ቤት እኮ ኢንተርኔት የለም።»

«ምን?» አለ ዉቦ።

«የለም አልኩህ። ሲንጫጫ አልወድም። ፕሮግራሙን የእህቴ ልጅ ነው በዲስክ የሰጠኝ። ያን ሰኞ ከጫንኩት ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ ሃርምከ ናት፣ ተበላሽቷል ልትለኝ ነው እያልኩ ምግብ አልበላ ብሎኛል።»

መምህር ሲርት ባርኔጣቸውን አገላበጡ። እሳቸውም አላመማቸው እንጂ ሰላም አልነበራቸውም። ሰው ሁሉ ሳያነብ እስማማለሁ የሚለውን ያን ረጅም ውል፣ እሳቸው አንብበውት ነበር። ያነበቡት ግን ከጫኑት በኋላ ነው። ነጻነቱ ለግለሰብ፣ ያውም ለቤት ጉዳይ ብቻ መሆኑን፣ ለማኅበር ግን በነጻ እንደማይፈቀድ ያገኙት መጨረሻው ላይ ነው። ጋዜጣው ደግሞ የመንደሩ ማኅበር ነው። ሃርምከን ሕግ አስጣስኳት ብለው፣ ሁለት ጊዜ ሊያስወጡት መጥተው፣ ሩልፊን መስኮቷ ላይ ስለነበረች ዞረው ሄደዋል።

«ታዲያ አልነገሩኝም?» አለች ሃርምከ።

«ምን ብዬ? አስተማሪ ነኝ እኮ።»

ፊቱ የጠቆረው ዉቦ ብቻ ነው። የተመረጠው እሱ ነው፣ የከፋውም እሱ ነው። ጥቂት አሰላሰለና፣ «ስለዚህ ከእንግዲህ ሲበላሽ የምትደውይው ለኔ ነው ማለት ነው» አለ።

ኤፖ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው።

ወደ ሥራው ሊገቡ ሲሉ መምህር እጃቸውን አነሱ። የዉቦው ውልስ? እሱም ለግለሰብ ብቻ ቢሆንስ? ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ፍሬርክ በመንገድ ላይ ነው፣ መምህር ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ ዉቦ ከነመጽሔቱ የተወላትን ማብራሪያ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመሩ። ኤፖ ቢለምናቸውም አልሰሙትም። ዉቦ በመስኮቱ እያየ የፍሬርክን ብስክሌት ይጠብቃል። መምህር አንዱን አንቀጽ ሁለቴ አነበቡት። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ለሁሉም ነጻ ነው፣ ለማኅበርም ጭምር አሉ። ዉቦ፣ ይህን ያህል ጥሩ ነገር መስጠቱን ያኔ ነው ያወቀው፤ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ኬላው ሲነሳ መንገዱ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር፣ ኤፖ መጀመሪያ የስልኩን ሽቦ ነቀለ፤ ያን ያህል አምሮበት አያውቅም። ሃርምከ ማሽኑን በትንሹ፣ አስፈላጊው ነገር ብቻ እንዲነቃ አድርጋ አስነሳችው፤ ይህን የቤተ መጻሕፍቱ ትምህርት ላይ ተምራዋለች። የኤፖውን አስወጣች፣ አጥፍታ አበራች። የመምህሩን አስወጣች፣ እንደገና አጥፍታ አበራች። ዉቦ ከኋላዋ ቆሞ ምንም ሳይነካ አላበው። ማሽኑ ሦስተኛ ሲነሳ ቀስቷ እጇን ተከትላ ሸርተት አለች። ሃርምከ ግራና ቀኝ ወሰደቻት፣ ለመደሰት ብቻ። ኤፖ ሽቦውን መለሰ፣ ስልኩም ተንጫጫ፤ ሲንጫጫ ቢሰማውም ለጋዜጣው ሲል ፊቱን አላጨማደደም።

ጋዜጣውን ላክ አለችው። የዉቦው ብቅ አለ፦ የኢሜይል ፕሮግራሙ ሊወጣ ይፈልጋል፣ ይለፍ ወይስ አይለፍ? ሃርምከ ይለፍ አለች፣ ሁልጊዜም ይለፍ የሚለውንም ጨመረችበት። በጎቹ ከባድ ስለነበሩ ቀስ እያሉ ሄዱ። አራቱም ስክሪኑ ላይ የምትሞላዋን መስመር፣ የቦዩ ውሃ ከግድቡ ሥር ሲሞላ እንደሚያዩት ትንፋሻቸውን ይዘው አዩዋት። ሞላች። ትንሽ ቆይቶ ማተሚያ ቤቱ መለሰ፦ ደርሶናል፣ መልካም ፋሲካ።

ሃርምከ ከወንበሯ አልተነሳችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ወርደው ኬክ ይዘውላት የመጡት መምህር ናቸው።

ፍሬርክ ከነዲስኩ ደረጃውን ሲወጣ ያገኘው፣ ሦስት ሽማግሎች አልጋ ላይ ተደርድረው ሳህን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያኝኩ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። መላኩን ሲነግሩት ግን ትከሻው ወረደ፤ ለሱም ቀለለው። የመንደሩን ጋዜጣ ለኢንግዌርም የሰጠ ሊቀመንበር ተብሎ በየልደቱ ክብ ውስጥ መቀመጥ ቀላል አልነበረም። ዲስኩን ኪሱ ከተተ፣ ከዚያው ኪስም የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ስለ ቦዩ ዳር ሣር የጻፈው ነው። ገና ቀትር አልሆነም አይደል አለ፤ ማተሚያ ቤቱን ቆይ ብለሽ፣ ያን የበጎች ፎቶ አሳንሰሽ ይህን ብታስገቢልኝ።

ሃርምከ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ረጅም ነው። መልሳ ሰጠችው።

«አይሆንም ፍሬርክ። ለሚቀጥለው ወር አምጣው።»

አልጋው ላይ ማኘክ ቆመ። ፍሬርክ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፤ እሺ አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ መለሰው። ከዚያ ኬክ የቀረ እንደሆነ ጠየቀ። ቀርቶ ነበር።

ሃርምከ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እምቢ ማለት ይህን ያህል ቀላል ከሆነ» አለች፣ «እስከ ዛሬ ለምን አንዳችሁም አልነገራችሁኝም?»